ክብደቱ በአከርካሪ፣ ሚዛኑ በጎን፦ አነስተኛ ጀልባን ከተሳቢ አውርዶ ለቀፎ ጥገና የማቆም ዘዴ

አጠቃሎ

አነስተኛ ጀልባ ቀፎዋ ሲሰነጠቅ፣ ቀለሟ ሲላጥ ወይም ውሃ ማስገባት ስትጀምር ከውሃ ወጥታ በደረቅ መሬት ላይ መጠገን አለባት። የመጣችበት ተሳቢ ግን ለጉዞ እንጂ ለጥገና የተሠራ ስላልሆነ፣ መጠገን ያለባቸውን የታችኛውን ክፍል ቦታዎች ራሱ ይሸፍናቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክሬን በሌለበት ስፍራ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ከተሳቢዋ ወርዳ እንዴት በአስተማማኝ ሁኔታ ልትቆም እንደምትችል ማብራራት ነው። ትንተናው በአንድ መርሕ ላይ ያርፋል፦ ክብደቱን የሚሸከመው ከኪሉ ሥር ያለው ድጋፍ ሲሆን፣ የጎን ድጋፎች ሥራ ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል ሲዛባ መጀመሪያ ቀፎው ይጎዳል፤ ቀጥሎ ከሥሩ የተኛው ሠራተኛ።

1. መግቢያ

ከአምቦ ከተማ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወሊሶ በሚያቀናው መንገድ አቅጣጫ፣ የወንጪ ሐይቅ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ሐይቁ በአስተዳደር በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ይካተት እንጂ ለአምቦ ቅርብ ነው። በደሴቱ ላይ ወዳለው የወንጪ ቂርቆስ ገዳም የሚሻገሩ ምእመናንም ሆኑ ጎብኚዎች ጀልባ ይጠቀማሉ። በምዕራብ ሸዋ ዞን በደንዲ ወረዳ ደግሞ በቅርጹ የስምንት ቁጥርን የሚመስለው የደንዲ ሐይቅ አለ። ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከታቀፈ ወዲህ የአካባቢው ቱሪዝም ይበልጥ ትኩረት አግኝቷል። ጀልባ ባለበት ሁሉ የጀልባ ጥገና ጥያቄ ይነሣል።

ጥያቄውን የሚያከብደው የቦታው ተፈጥሮ ነው። በብዙ የዓለም ባሕር ዳርቻዎች ጀልባ ጠጋኞች የባሕርን ሙላትና ጉድለት ይጠቀማሉ፤ ውሃው ሲሞላ ጀልባዋን ወደ ዳር አቅርበው፣ ሲጎድል አሸዋ ላይ ስትቀር የታችኛውን ክፍሏን ይሠራሉ። በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ የውሃው ከፍታ የሚለዋወጠው በወቅት እንጂ በሰዓታት ልዩነት ስላልሆነ ይህ ዘዴ አያገለግልም። በጣና ላይ የሚገኙት የደንገል ታንኳ ባለቤቶች መፍትሔውን በክብደት አግኝተውታል፤ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ታንኳዋን ወደ ዳር ጎትተው ያደርቋታል። ታንኳዋ ቀላል ስለሆነች ልዩ ድጋፍ አትሻም። ከፋይበርግላስ፣ ከብረት ወይም ከጣውላ የተሠራች ጀልባ ግን እንዲህ ቀላል አይደለችም።

ኢትዮጵያ ወደብ አልባ በመሆኗ ከውጭ የሚመጣ ጀልባ ሁሉ የመጨረሻ ጉዞው በየብስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ጣና በከባድ ተሳቢ ጉዞ የጀመረችው «ጣናነሽ 2» የብዙዎችን ዓይን የሳበችውም ስለዚህ ነበር። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሥራ የሚከናወነው በልዩ መሣሪያና በብዙ ባለሙያ ነው። ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው አንድ ተሳቢ፣ ሁለት የመኪና ክሪክ፣ ጥቂት የባሕር ዛፍ እንጨትና የጓደኞቹ ጉልበት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ሰው ሁኔታ ላይ ነው።

በወንጪ የሚታዩት ጀልባዎች በመቅዘፊያና በሞተር የሚሄዱ ናቸው። ለትንተናው ግን አነስተኛ ባለሸራ ጀልባ ተመርጣለች። ምክንያቱም ከሥሯ ጠባብ ኪል፣ ከላይዋ ረጅም ምሰሶ ስላላት በመሬት ላይ ለማቆም ከሁሉም የምታስቸግረው እርሷ ናት። ለእርሷ የሚበቃ ዘዴ፣ ልኩ ተስተካክሎ፣ ለጠፍጣፋዋ የሞተር ጀልባም ይበቃል።

2. ውሃ የሚሸከመውና መሬት የሚሸከመው

ለስሌት እንዲያመች 6 ሜትር ርዝመትና 800 ኪሎ ግራም ክብደት ያላት ጀልባ ትወሰድ። ከቀፎዋ ሥር፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቋሚ ኪል አላት። ኪል ማለት የጀልባ አከርካሪ ነው፤ ከታች የሚዘረጋው ጠንካራ አካል ሲሆን፣ የጎን አጥንቶችና የውስጥ ግድግዳዎች ሁሉ ከእርሱ ጋር ይተሳሰራሉ።

ይህች ጀልባ ስትንሳፈፍ በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት 0.8 ሜትር ኩብ ውሃ ገፍታ ትቀመጣለች። ውሃው ክብደቷን የሚሸከመው በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በረጠበው የቀፎ ገጽ ሁሉ ላይ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የውሃው ግፊት 3 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ቀፎው ስስ ሆኖ ሳለ ለዓመታት ቅርጹን የሚጠብቀው ሸክሙ በዚህ መልክ ስለሚከፋፈል ነው።

አሁን ይህችው ጀልባ በጎኖቿ በተተከሉ አራት ድጋፎች ብቻ ተይዛ በአየር ላይ እንዳለች ይታሰብ። አጠቃላይ ክብደቷ 8 ሺህ ኒውተን ያህል ስለሆነ ለእያንዳንዱ ድጋፍ 2 ሺህ ኒውተን ይደርሰዋል። ድጋፉ ቀፎውን የሚነካበት ሰሌዳ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 89 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። ይህ ቀፎው በውሃ ውስጥ ከለመደው ግፊት 30 እጥፍ ገደማ ነው። ፋይበርግላስ እንዲህ ያለውን ግፊት ወዲያው ተሰብሮ ላያሳይ ይችላል። ይልቁንም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጎደጉዳል፤ የላይኛው ጄልኮት እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ ከውስጥ የተጣበቁት ግድግዳዎችም ከቀፎው መላቀቅ ይጀምራሉ። ጥገና ተብሎ የተጀመረው ሥራ አዲስ ጉዳት ይፈጥራል ማለት ነው።

3. የሥራ ክፍፍል

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው መደምደሚያ ክብደቱ በኪሉ በኩል መውረድ እንዳለበት ነው። ኪሉ ለዚህ የሚበቃ ጥንካሬ አለው፤ ከእርሱ በላይ ያሉት ግድግዳዎችም ሸክሙን ወደ እርሱ ያመጣሉ። ስለዚህ ከኪሉ ሥር ቢያንስ ሁለት ጠንካራ መቀመጫዎች፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ፣ ይደረጋሉ። የጀልባዋ የክብደት ማዕከል በሁለቱ መካከል መዋል አለበት። አለበለዚያ አፍንጫዋ ወይም ጅራቷ ሳይታሰብ ሊደፋ ይችላል።

ነገር ግን ኪሉ ብቻውን አይበቃም። ይህን ቀላል ስሌት ያሳያል። ጀልባዋ በ15 ሳንቲ ሜትሩ ኪል ላይ ብቻ ቀጥ ብላ ብትቆም፣ እንዳትወድቅ የሚይዛት አቅም ክብደቷ በኪሉ ግማሽ ስፋት ሲባዛ የሚገኘው ነው፦ 7,850 ኒውተን በ0.075 ሜትር፣ ማለትም 589 ኒውተን ሜትር። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሰው ከመካከለኛው መሥመር 1 ሜትር ርቆ በጠርዟ ላይ ቢረግጥ፣ ከኪሉ ጠርዝ ያለው ርቀት 0.925 ሜትር ስለሚሆን 681 ኒውተን ሜትር የመገልበጥ ኃይል ይፈጥራል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ጀልባዋን ሊጥላት ይችላል።

የጎን ድጋፎች ከመካከለኛው መሥመር በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቀፎውን ሲነኩ ሁኔታው ፈጽሞ ይለወጣል። ጀልባዋ አሁን ለመውደቅ በድጋፉ ላይ መዞር አለባት፤ የሚይዛት አቅም 6,280 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ የሰውየው የመገልበጥ ኃይል ወደ 147 ኒውተን ሜትር ይወርዳል። አቅሙ ከአደጋው ከ40 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን የድጋፎቹ እግር መሬት ውስጥ ካልሰመጠና ወደ ውጭ ካልተንሸራተተ ብቻ ነው።

ሁለቱ ስሌቶች አንድ ላይ ሲነበቡ መርሑ ግልጽ ይሆናል። የጎን ድጋፎች ጀልባዋን ማንሣት የለባቸውም፤ ነገር ግን አለመኖራቸው አይታሰብም። በተግባር ድጋፉ ቀፎውን እስኪነካ ድረስ በእጅ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ብቻ ይጨመርበታል። በመፍቻና በጉልበት ከተጠበቀ ክብደቱ ከኪሉ ወደ ጎን መሸሽ ይጀምራል። ቀፎው በሰሌዳው ዙሪያ ወደ ውስጥ ሲገባ ከታየ ድጋፉ ከልኩ በላይ እየተሸከመ ነው።

የድጋፉ ቦታም አስፈላጊ ነው። ሰሌዳው መቀመጥ ያለበት ከውስጥ ግድግዳ ወይም የጎን አጥንት ባለበት መሥመር ላይ ነው። ቦታው የሚታወቀው ወደ ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ በመለካት፣ ወይም ቀፎውን ከውጭ በጣት ወይም በእንጨት እጀታ መታ መታ በማድረግ ነው። ባዶ ቦታ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ግድግዳ ያለበት ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው። የድጋፉ ዘንግ የሚይዘው አቅጣጫ ቀፎውን በዚያ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ የሚገጥም መሆን አለበት። አንግሉ ከተዛባ ሰሌዳው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንሸራተታል።

4. መሬቱ

ስለ ጀልባው ብዙ ተጨንቆ ስለ መሬቱ ዝም ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በአምቦና በአካባቢው ሰፊ ሥፍራ የሚሸፍነው ጥቁር ዋልካ አፈር ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ይሰነጠቃልም። ሲረጥብ ግን ያብጣል፤ ይለሰልሳልም። በበጋ ረፋድ ላይ ያለ እንከን የቆመች ጀልባ ከአንድ ሌሊት ዝናብ በኋላ ወደ አንድ ጎን ልታጋድል ትችላለች። አደጋው ደግሞ ሁሉም ድጋፎች እኩል አለመስመጣቸው ነው። አንዱ ብቻ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ የእርሱ ድርሻ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል፤ ለሚዛን ብቻ የታሰበው የጎን ድጋፍ ሳይታሰብ ዋና ተሸካሚ ይሆናል።

የመፍትሔው መነሻ ስፋት ነው። ከኪሉ ሥር ያሉት ሁለት መቀመጫዎች እያንዳንዳቸው 4 ሺህ ኒውተን ይሸከማሉ እንበል። የመቀመጫው መሠረት 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአፈሩ ላይ 100 ኪሎ ፓስካል ግፊት ያርፋል። ለስላሳ ሸክላማ አፈር በምሕንድስና ልማድ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ከ75 ኪሎ ፓስካል በታች ነው። መሠረቱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ወፍራም ጣውላ ሲሰፋ ግን ግፊቱ ወደ 25 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ጎኑ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ሩብ ይሆናል።

ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ የተጠቀጠቀ ጠጠር ወይም የኮንክሪት ወለል ይቀድማል። የግድ አፈር ላይ ከሆነ የላይኛው ለስላሳ አፈርና ሣር ተነሥቶ፣ ጠጠር ተደልድሎ፣ በላዩ ሰፊ ጣውላ ይነጠፋል። ጎርፍ እንዳይገባ በዙሪያው ትንሽ ቦይ ይቆፈራል። ወለሉ በሁለቱም አቅጣጫ በውሃ ልክ ይታያል። ተዳፋት ላይ የቆመች ጀልባ ክብደቷን ሁልጊዜ ወደ ታችኛው ድጋፍ እየገፋች ትኖራለች። ለዚህም ሲባል በወንጪ ዓይነት ገደላማ ዳርቻ ላይ ጀልባን እዚያው ከመጠገን ይልቅ ወደ ደልዳላ ስፍራ ማድረሱ የተሻለ ይሆናል።

5. የድጋፍ ቁሳቁስ

በምዕራብ ሸዋ በቀላሉ የሚገኘው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ጥንካሬው በቂ ቢሆንም ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ክብ ግንድ ስለሚንከባለል ቢያንስ በሁለት ገጹ ጠፍጣፋ ሆኖ መሰንጠቅ አለበት። ሁለተኛ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይጣመማልም፤ ስለዚህ የደረቀ ሞራሌ ይመረጣል። ከኪሉ ሥር የሚደረገው መቀመጫ የሚሠራው ሞራሌዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ከሥሩ ካለው ጋር አስተላልፎ በመደርደር ነው። የቁልሉ ቁመት ከመሠረቱ ስፋት እጥፍ ባይበልጥ ይመከራል። በመጨረሻው ረድፍና በኪሉ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከሁለት ወገን ትይዩ በሚገቡ ሽብልቆች ይሞላል።

በግንባታ ቦታ ሁሉ የሚገኘው ብሎኬት ፈታኝ አማራጭ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቁመቱም ልክ ነው። ነገር ግን በውስጡ ክፍት ስለሆነ በአንድ ጠርዝ ላይ ጫና ሲያርፍበት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፤ ይጎብጣልም፤ ለሠራተኛው የመሸሻ ጊዜ ይሰጠዋል። ብሎኬት ይህን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ሰው ከሥሩ ለሚገባበት ሸክም ብሎኬት መጠቀም አይገባም። የተደራረበ ድንጋይም በተመሳሳይ ምክንያት ይወገዳል።

የጎን ድጋፎች በማንኛውም በያጅ ቤት ሊሠሩ ይችላሉ። ሦስት እግር ያለው የብረት ማቆሚያ፣ በመካከሉ ከፍታውን የሚያስተካክል ጥርስ ያለው ዘንግ፣ በጫፉም ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያዘነብል ሰሌዳ ይኖረዋል። ሰሌዳው በምንጣፍ ቁራጭ ወይም በአሮጌ ካላማዳሪ ይለበጣል። ለአንዲት ትንሽ ጀልባ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ ሁለት ማቆሚያ፣ በአፍንጫዋም ሥር አንድ ያስፈልጋል። ፊት ለፊት የተተከሉት የግራና የቀኝ ማቆሚያዎች ከኪሉ ሥር በሚያልፍ ሰንሰለት ይታሰራሉ። የቀፎው ተዳፋት ማቆሚያዎቹን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሰንሰለቱ ሁለቱን ግፊቶች እርስ በርሳቸው ያጣፋቸዋል። ሰንሰለት የሌለው ማቆሚያ በመሬቱ ሰበቃ ብቻ የቆመ ነው፤ መሬቱ ሲረጥብም ሰበቃው ይቀንሳል።

በአሸዋ የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢትና አሮጌ የመኪና ጎማ ጫናን በሰፊው ስለሚያከፋፍሉ ለቀላልና ለጠፍጣፋ ጀልባ ጠቃሚ ናቸው። ለባለኪል ጀልባ ግን ተጨማሪ ትራስ እንጂ ዋና ድጋፍ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱም ቀስ በቀስ ይሰምጣሉና።

6. ከተሳቢ የማውረድ ቅደም ተከተል

ክሬን በሌለበት ስፍራ ዋናው ማንሻ ተሳቢው ራሱ ነው። ተሳቢ በጎማዎቹ ዘንግ ላይ የሚዞር ምሳር ነው። የፊቱ መሳቢያ ዝቅ ሲል የኋላው ይነሣል፤ የፊቱ ሲነሣ የኋላው ዝቅ ይላል። ይህን እንቅስቃሴ በመጠቀም የጀልባዋን ሁለት ጫፎች በየተራ ወደ መቀመጫዎች ማሸጋገር ይቻላል።

ዝግጅቱ ጀልባዋን በማቅለል ይጀምራል። ውሃ፣ ነዳጅ፣ ባትሪ፣ መልሕቅና ሞተር ይወጣሉ፤ ምሰሶው ይወርዳል። ከዚያም የጀልባዋ ቅርጽ ይለካል፦ ከኪሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ክር ተወጥሮ በመካከሉ ያለው ክፍተት ይመዘገባል። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ቀፎው መጉበጥ አለመጉበጡን የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ተሳቢው ከመኪናው ተለይቶ በፊተኛው ክሪኩ ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዛሉ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ማንም ሰው ወደ ጀልባዋ መውጣት የለበትም። በኋላዋ በኩል አንድ ሰው ቢወጣ መሳቢያው ወደ ላይ ሊስፈነጠር ይችላል።

በመጀመሪያው እርምጃ መሳቢያው እስከ ታች ይወርዳል፤ የጀልባዋ ኋላ ከፍ ይላል። ከኪሉ የኋላ ጫፍ ሥር የእንጨቱ ቁልል ተሠርቶ በሽብልቅ ይጠብቃል፤ በግራና በቀኝም ሁለቱ የኋላ ማቆሚያዎች ይተከላሉ፤ በሰንሰለትም ይታሰራሉ። በሁለተኛው እርምጃ መሳቢያው ቀስ እያለ ይነሣል። የተሳቢው ኋላ ዝቅ ሲል ጀልባዋ በቁልሉ ላይ ትቀራለች፤ አፍንጫዋ ደግሞ ከተሳቢው ፊት ጋር ከፍ ይላል። በሦስተኛው እርምጃ ከኪሉ የፊት ክፍል ሥር፣ በተሳቢው ክፈፍ ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ፣ ሁለተኛው ቁልል ይሠራል፤ የፊት ማቆሚያዎችም በቦታቸው ይገባሉ። በአራተኛው እርምጃ መሳቢያው እንደገና ይወርዳል፤ ተሳቢው ከጀልባዋ ሥር ይላቀቃል። ጀልባዋ አሁን በራሷ መቀመጫዎች ላይ ናት።

ክሪክ በሚነሣበትም ሆነ በሚወርድበት ጊዜ ሽብልቅና ጣውላ እየተከተሉት መሄድ አለባቸው። ክሪኩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲያነሣ ከጎኑ ያለው ቁልል ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። በዚህ መንገድ ክሪኩ ቢከዳ ጀልባዋ የምትወድቀው ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በክሪክ ብቻ ከተያዘ ሸክም ሥር ማንም አይገባም፤ የክሪክ ሥራ ማንሣት እንጂ ይዞ መቆየት አይደለም።

የመጨረሻው ችግር ተሳቢውን ማውጣት ነው። ተሳቢው ወደ ፊት ሲጎተት መስቀለኛ ብረቶቹና የጎማ ዘንጉ ከፊተኛው ቁልል ጋር ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ ተሳቢው ይቆማል። ዘንጉ ካለፈበት ቦታ በስተኋላ፣ ነገር ግን ከክብደት ማዕከሉ በስተፊት፣ ሦስተኛ ቁልል ተሠርቶ እንዲጠብቅ ይደረጋል። አዲሱ መሸከሙ ከተረጋገጠ በኋላ የፊተኛው ቁልል ይፈርሳል፤ ተሳቢው ይወጣል፤ የፊተኛውም ተመልሶ ይሠራል። መንገዱን የሚዘጉ ማቆሚያዎችም እንዲሁ፣ አንድ በአንድ፣ ምትካቸው ከቆመ በኋላ ብቻ ይነሣሉ።

ኪሏ ወደ ውስጥ የምትሰበሰብ ጀልባ ከሆነች ሸክሙ በተንቀሳቃሹ ኪል ላይ ፈጽሞ ማረፍ የለበትም። መቀመጫዎቹ ከኪሉ ማደሪያ ፊትና ኋላ ባለው የተጠናከረ የመካከል መሥመር ላይ ይደረጋሉ። ኪሉም በገመዱ ብቻ ሳይታመን በብረት ዘንግ ወይም ከሥሩ በሚደረግ እንጨት ይያዛል።

7. የተሸፈኑ ቦታዎችና የቆይታ ጊዜ

ጀልባዋ ከቆመች በኋላም መቀመጫዎቹና ሰሌዳዎቹ የሚሸፍኗቸው ቦታዎች ይኖራሉ። እነዚህን ቦታዎች ለመፋቅና ለመቀባት ድጋፎች መዛወር አለባቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ አዲሱ ድጋፍ ሳይቆም አሮጌው አይነሣም፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ድጋፍ በላይ አይነካም። ከቀፎው ጎን ሰሌዳው የነበረበት ቦታ በእርሳስ ቢከበብ ሳይቀባ የቀረ ቦታ እንዳይረሳ ያግዛል።

የጥገናው ጊዜ በአየር ጠባይ ይወሰናል። ወንጪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ ብዙዎቹ የኢፖክሲ ዓይነቶች በአግባቡ አይጠነክሩም። በዚህ የተነሣ በሞቃት አገር በሁለት ቀን የሚያልቅ ሥራ እዚህ ብዙ ቀን ሊወስድ ይችላል። ጀልባዋም ያን ያህል ጊዜ በድጋፍ ላይ ትቆያለች። የፋይበርግላስ ቀፎ የጠጣውን ውሃ እስኪያደርቅ መቆየቱ ይጠቅመዋል። የጣውላ ጀልባ ግን በበጋ ፀሐይ ብዙ ከቆየች ጣውላዎቿ ተኮማትረው መጋጠሚያዎቿ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ ለእርሷ ጥላና አጭር ቆይታ ይመረጣል። ለሁለቱም ተስማሚው ወቅት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ነው።

ጥላ ለመሥራት ሲባል ሸራ ወይም ላስቲክ በማቆሚያዎቹ ላይ ማሰር ግን አደገኛ ልማድ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ቢሳሳም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 3 በ4 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ወደ 1,200 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያሳርፋል፤ ይህም 120 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደ መሳብ ነው። ነፋሱ ሸራውን ሲያራግበው ማቆሚያው ቀስ በቀስ ከቦታው ይላቀቃል። ሸራው ከጀልባዋ ወይም ለብቻው ከተተከለ ችካል ጋር መታሰር አለበት።

በየቀኑ ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ አራት ነገሮች ይፈተሻሉ፦ ሽብልቆቹ ጠብቀው መቆየታቸው፣ የማቆሚያዎቹ እግር አለመስመጡ፣ ሰንሰለቶቹ አለመላላታቸው፣ ጀልባዋም በቱምቢ ስትታይ ቀጥ ማለቷ። የጀልባዋ የውስጥ በር ትናንት በቀላሉ ይከፈት የነበረው ዛሬ ከተጨናነቀ ቀፎው እየተጣመመ ለመሆኑ ምልክት ነው። ክሩ እንደገና ተወጥሮ ከመጀመሪያው ልክ ጋር ይመሳከራል፤ ልዩነት ከታየም ሥራው ቆሞ ድጋፎቹ ይስተካከላሉ።

8. ማጠቃለያ

ጀልባን በመሬት ላይ ማቆም ውሃ በተፈጥሮው የሚሠራውን ሥራ በጥቂት ነጥቦች ለመተካት የሚደረግ ጥረት ነው። መሬት እንደ ውሃ ሸክምን በእኩል ማከፋፈል ስለማይችል ነጥቦቹ በምርጫ መቀመጥ አለባቸው፦ ክብደቱ ጠንካራ በሆነው አከርካሪ በኩል፣ ሚዛኑ በጎኖች በኩል፣ ሁለቱም በሰፊ መሠረት ላይ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ በአምቦ ገበያና በያጅ ቤቶች የሚገኝ ነው፤ የደረቀ ሞራሌ፣ ሽብልቅ፣ ሰንሰለት፣ ክሪክ፣ ውሃ ልክ። አደጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዕቃ እጥረት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ከመዝለል ነው፤ አዲሱን ድጋፍ ሳያቆሙ አሮጌውን ማንሣት፣ ዝናብ ካደረ በኋላ ሳይፈትሹ ከሥር መግባት። የተሰነጠቀ ቀፎ ይጠገናል። ጠጋኙ ግን ከሥሩ በጀርባው ተኝቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲሠራ፣ ጀልባዋ ብታጋድል የሚሸሽበት ቅጽበት የለውም። ስለዚህ የድጋፉ ሥራ የጥገናው የመጀመሪያ ክፍል ሆኖ ሊታቀድና ጊዜ ሊመደብለት ይገባል።